«ሕመሙ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው?»

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ላይ ከአይጥ፣ ከውሻና ከከብት ሽንት ወደ ሰው ስለሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በሽታው በአገራችን ስሙ እንኳ እምብዛም የማይነሣ በመሆኑ ዓምዱን ለዚህ ጉዳይ መስጠታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ «በሽታው በቀላል የደም ምርመራ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደም ስቀዳ፣ ሴረም (ከደም የሚለየውን ጠራ ፈሳሽ) ስለይና ውጤት ስጽፍ የኖርኩ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝና ይህችን ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ምርመራው ሩብ ሰዓት የሚፈጅ መሆኑ ልክ ነው፤ «ይታወቃል» የሚለው ቃል ግን ከልኩ በጣም ያለፈ ነው።

ምክንያቴን ለማስረዳት ባክቴሪያው በሰው ገላ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በአጭሩ ማስታወስ ይኖርብኛል። ሌፕቶስፓይራ እንደ ቀጭን ጠመዝማዛ ክር ሆኖ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣ ከቅጥነቱ የተነሣ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ፍጥረት ነው። በተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በተጫረ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ በኩል ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አስራ አራት ቀን ድምፁን አጥፍቶ ከቆየ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይዞ ይነሣል። ትኩሳቱ በጀመረበት የመጀመሪያ ሳምንት በደም ውስጥ ይዘዋወራል። ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ሰውነት አንቲቦዲ የሚባለውን የመከላከያ ንጥረ ነገር በብዛት ማምረት ስለሚጀምር ባክቴሪያው ከደም እየጠፋ ወደ ኩላሊት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው በሽንት ውስጥ ነው። ጽሑፋችሁ ያወሳው ፈጣን ምርመራ የሚሠራበት ኪት (የመመርመሪያ ዕቃ) የሚፈልገው ደግሞ ባክቴሪያውን ሳይሆን አንቲቦዲውን፣ በተለይም አይ.ጂ.ኤም የሚባለውን ነው። ይህ አንቲቦዲ ትኩሳቱ ከጀመረ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ገደማ ካልሆነ በኪቱ ሊታይ በሚችል መጠን አይገኝም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው፤ ውሻው ገና ስላልጮኸ ጅብ አልመጣም ማለት አይቻልም።

ይህን በመጽሐፍ ሳነበው ቀላል መስሎኝ ነበር። በሥራ ላይ የገባኝ በአዋሽ ዳር የመስኖ እርሻ ባለበት አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም ስሠራ ነው። ከአንድ የምርምር ሥራ የተረፉ ጥቂት የሌፕቶስፓይሮሲስ ኪቶች በማቀዝቀዣችን ውስጥ ነበሩና ሐኪሞቹ አንዳንድ ጊዜ ያዙን ነበር። አንድ ቀን የመስኖ ቦይ በመጥረግ የሚተዳደር ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ትኩሳት ይዞት መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ግን እዥ የለውም። ወደ መቀመጫው ሲራመድ ባቱን ይዞ ያነክስ ነበር። የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ትኩሳት» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምንም አልተጻፈም። የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ። ሴረሙን ኪቱ ላይ አንጠብጥቤ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ኪቱ መሥራቱን የምታሳየው የመቆጣጠሪያዋ መስመር ወጣች፣ የምርመራዋ መስመር ግን አልወጣችም። «ነጋቲቭ» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙም ያንን አይቶ ከሚጠረጥራቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ሌፕቶስፓይሮሲስን ሰረዘው፤ ልጁ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቶት ሄደ።

ከስምንት ቀን በኋላ እናቱ ደግፋው ተመልሶ መጣ። የዓይኑ ነጭ ክፍል እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ ሽንቱ የጠቆረ ሻይ መስሏል። ለኩላሊት ምርመራ ከቀዳሁት ደም የተረፈውን ሴረም ማንም ሳያዘኝ በዚያው ኪት ላይ ሞከርኩት። ሩብ ሰዓት እንኳ መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ መስመሯ ገና በአምስተኛው ደቂቃ ደምቃ ወጣች። ልጁ በተኛበት ሆኖ «ጋሼ፣ ያኔ የለብህም ብላችሁኝ አልነበር?» አለኝ። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ያው ኪት ነበር። የመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ እንደነበር ያወቅኩትም ያኔ እናቱን ስጠይቅ ነው። እኔ «የለብህም» አላልኩትም፤ የጻፍኩት «ነጋቲቭ» ብዬ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን የሚያነብ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከየት ያገኘዋል? ቀኑን ያልጠየቅኩት እኔው ራሴ ነኝ። ልጁ በፔኒሲሊን መርፌ ድኖ ወደ ሥራው መመለሱን ለአንባቢ ዕረፍት ብዬ ላንሣው።

ተቃራኒውን ስሕተትም በዚያው ዓመት አይቻለሁ። በክረምት ወራት፣ በአንድ ክፍል ሰባት ስምንት ሆነው ከሚያድሩ የቀን ሠራተኞች መካከል አንዱ እየተንቀጠቀጠ መጣ። የደም ስላይዱን ስመለከት በቀይ የደም ሕዋሳቱ መካከል የግርሻ ተሐዋሲ እንደ ተበተነ ክር ሞልቶት ነበር፤ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት መሆኑ ምንም አያጠራጥርም። ከወረቀቱ ጋር የሌፕቶስፓይሮሲስ ምርመራም ታዞ ስለነበር ሠራሁት፤ እሱም ፖዘቲቭ አለ። ሁለቱ ተሐዋስያን የአንድ ነገድ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች በመሆናቸው ለአንዱ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ሌላውንም ሊይዝ ይችላል። በቂጥኝ የተያዘ ሰው ደምም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ በዓለም ላይ ከቀሩለት ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች ይህ ለእኛ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ ግርሻን አይተው በማያውቁ አገሮች የተሠራ ኪት ስለዚህ ምን ያህል ተፈትኖ እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ከኪቱ የተሻለው፣ ዋናው ምርመራ የትኛው ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለመቶ ዓመት ያህል የወርቅ ሚዛን ተብሎ የኖረው እ.ኤ.አ. በ1918 ማርታንና ፔቲ የተባሉ ፈረንሳውያን የጀመሩት ኤም.ኤ.ቲ የሚባለው ዘዴ ነው። ላቦራቶሪው ብዙ ዓይነት ሌፕቶስፓይራ በሕይወት ማቆየትና በየጊዜው ወደ አዲስ ምግብ እያዛወረ ማሳደግ አለበት፤ ምክንያቱም በሽታ የሚያመጡት ዝርያዎች ከ250 በላይ ስለሆኑና በአካባቢው የሚገኘው ዝርያ ከተዘጋጁት መካከል ከሌለ ምርመራው ሊያመልጠው ስለሚችል ነው። የበሽተኛው ሴረም ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ ከእያንዳንዱ ሕያው ባክቴሪያ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም ባለሙያው በጨለማ መስክ ማይክሮስኮፕ ዓይኑን ተክሎ ግማሾቹ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የተገኙበትን የመጨረሻውን ጠብታ ይፈልጋል። ጥቁር ሰማይ ላይ የሚዋኙ የብር ክሮች ቁጥራቸው በግማሽ መጉደሉን በዓይን መገመት ማለት ነው፤ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች አንዱን ጠብታ አይተው ላይስማሙ ይችላሉ። ይህም ሁሉ ሆኖ አንድ ናሙና ብቻውን አይበቃም፤ የመጀመሪያው 1 ለ100 (ማለትም ሴረሙ መቶ እጥፍ እስኪቀጥን ድረስ የሚያጣብቅ) ከነበረ ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ የተቀዳው 1 ለ400 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ማለትም በአራት እጥፍ አድጎ መገኘት አለበት። እንግዲህ መልሱ ሲመጣ በሽተኛው ወይ ድኖ እርሻው ላይ ነው፣ ወይ ተቀብሯል።

ባክቴሪያውን ከደም አውጥቶ ማሳደግም ይቻላል፤ ግን ዕድገቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ስለሚፈጅ ለሕክምና ውሳኔ የሚሰጠው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው ግን የወርቁ ሚዛን ራሱ ልክ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ በታይላንድ በሽታው የተጠረጠረባቸው የ1,652 ሕሙማን ውጤት የትኛውንም ምርመራ አስቀድሞ ፍጹም ነው ሳይል በሚያሰላ የስታቲስቲክስ ዘዴ እንደገና ተመርምሮ ነበር። በስሌቱ መሠረት ኤም.ኤ.ቲ የያዘው በሽታው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው፤ ባክቴሪያውን የማሳደጉ ዘዴ የያዘው ደግሞ ከአስሩ አንዱን ገደማ ነበር። ይህ ለላቦራቶሪ ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው። አዲስ ኪት ሲመጣ የሚፈተነው ከዚህ ሚዛን ጋር እየተነጻጸረ ነውና፣ ሚዛኑ የሳተውን እውነተኛ በሽተኛ አዲሱ ኪት ቢያገኘው «ሐሰተኛ ፖዘቲቭ» ተብሎ ይቆጠርበታል፤ እንዲሁም ከሚዛኑ ጋር አብሮ የሚሳሳት ኪት ይመሰገናል። በተንሻፈፈ ቁና የተሰፈረ እህል ላይ ገዢና ሻጭ ቢከራከሩ ማን ይፈርዳል?

ከኪቱ ካርቶን ላይ «95 በመቶ ትክክል» ተብሎ የሚነበበውን ቁጥርም በዚህ ዓይን ማየት ይገባል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥር የሚገኘው በአንድ ወገን በሽታቸው የተረጋገጠና በሁለተኛው ሳምንት ላይ ያሉ ሕሙማንን፣ በሌላው ወገን ደግሞ በሽታው ከማይገኝበት ከተማ የመጡ ጤነኛ ደም ለጋሾችን በማነጻጸር ነው። የእኛ ተመላላሽ ታካሚ ግን ከሁለቱም አይደለም። በሦስተኛ ቀኑ ይመጣል፣ ከከብት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፣ ምናልባትም ከዓመት በፊት ሳያውቀው ታሞ ድኖ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ የአገራችን የእንስሳት ጥናት ከተመረመሩት ላሞች ሰባ በመቶ ያህሉ ደም ውስጥ የሌፕቶስፓይራ አንቲቦዲ ተገኝቷል። ላሚቱ እንዲህ ከሆነች በባዶ እግሩ በረት የሚጠርገው ሰው የቆየ አንቲቦዲ በደሙ ቢገኝ ለምን ይደንቀናል?

ሒሳቡን ለአንባቢ በቀላል ቁጥር ላስቀምጠው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። በሽታው ካለባቸው መቶ ሰዎች ሰማንያውን የሚይዝ፣ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ደግሞ ዘጠናውን በትክክል ነጻ የሚል ኪት አለን እንበል። አንድ ሺህ ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች መጡ፤ ከእነዚህ በሽታው በእርግጥ ያለባቸው 50 ናቸው። ኪቱ ከ50ው 40ውን ይይዛል። ከቀሩት 950 ሰዎች ግን 95ቱን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። በጠቅላላው 135 ሰው «አለብህ» የሚል ወረቀት ይዞ ሲወጣ እውነቱ የተነገረው ለ40ው ብቻ ነው። ያንኑ ኪት ሸንኮራ አገዳ በመስኖ ወደሚለማበት ቆላ ወስደን፣ ከሺሁ 300ው የታመሙ ቢሆኑ፣ 240 በትክክል፣ 70 በስሕተት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ኪቱ አልተለወጠም፣ ባለሙያውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ስለዚህ «ይህ ምርመራ ስንት በመቶ ትክክል ነው?» ለሚለው ጥያቄ የት፣ በማን ላይና በስንተኛው ቀን ሳይባል መልስ መስጠት አይቻልም።

ይህን ያህል የምጨቃጨቀው አንድ ታሪካችን እንዳይደገም ስለምሰጋ ነው። በከተማችን ትኩሳት ይዞት ወደ ክሊኒክ ከሄደ ሰው መካከል «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ማን አለ? ሁለቱ ስሞች እንደ መንታ ልጆች አብረው የሚጠሩት በሽታዎቹ አብረው ስለሚመጡ አይደለም፤ ዊዳል (ለታይፎይድ) እና ዌል ፊሊክስ (ለታይፈስ) የሚባሉት ሁለት የስላይድ ምርመራዎች በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ስለሚታዘዙ ነው። ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896፣ ዌል ፊሊክስ ደግሞ በ1916 የተጀመሩ ናቸው። ዘመናቸውን ያከበሩ ምርመራዎች ነበሩ፤ እኛ ግን አንዲት ጠብታ ሴረም በአንዲት ጠብታ ሪጀንት (የመመርመሪያ ፈሳሽ) አንቀሳቅሰን፣ ጥቂት አሸዋ መሰል ነገር ስናይ 1 ለ80 ብለን እየጻፍን፣ ሁለተኛ ናሙና ሳንጠይቅ፣ በአካባቢያችን ጤነኛ ሰው ላይ ስንት እንደሚገኝ ሳንለካ፣ ለዘመናት ሕዝቡን በአንቲባዮቲክ ስናጥለቀልቅ ኖረናል። «ስናጥለቀልቅ» ስል ራሴን ጨምሬ ነው። (በነገራችን ላይ፣ የዌል ፊሊክሱ ኤድሙንድ ቫይል፣ ከባዱን የሌፕቶስፓይሮሲስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1886 በሃይድልበርግ ከገለጸውና በሽታው በስሙ ከሚጠራው ከአዶልፍ ቫይል የተለየ ሰው ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን አምታትቼ ነጥብ ስላጣሁ አልረሳውም።) የሌፕቶስፓይሮሲስ ፈጣን ኪትም በዚያው በር፣ በዚያው ልማድ ከገባ ሕዝባችን «ታይፎይድ፣ ታይፈስና ሌፕቶ አለብህ» መባል ይጀምራል ማለት ነው።

ስሕተቱ ደግሞ ራሱን የሚሸፍን መሆኑ የባሰ ነው። በታይፎይድ ስም የታዘዘው ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ሌፕቶስፓይሮሲስንም ስለሚያክም በሽተኛው ሲሻለው ሁላችንም «አየህ፣ ታይፎይድ ነበር» እንላለን። እንዲህ ያለው ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ በእውነተኛ ስሙ አይጻፍም፤ ያልተጻፈ በሽታ ደግሞ በጀትም ኪትም አይመደብለትም። ዓይኑ ቢጫ የሆነውም ቢሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባህል ሐኪም የሚሄደው ጥቂት አይደለም።

በዚህ ረገድ ስሕተት የእኛ የድሆቹ ላቦራቶሪዎች ዕጣ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወሱ ያጽናናል። ሂዴዮ ኖጉቺ የተባለው ስመ ጥር ጃፓናዊ ተመራማሪ በኒው ዮርክ ከሚገኘው የሮክፌለር ኢንስቲትዩት ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1918 ወደ ኢኳዶር ጓያኪል ሄዶ፣ ቢጫ ወባ ካለባቸው ሰዎች አገኘሁ ያለውን ሌፕቶስፓይራ የቢጫ ወባ መንሥኤ ነው ብሎ ለዓለም አስታወቀ፤ ክትባትም ተሠራለት። ቢጫ ወባ ናቸው ተብለው ከቀረቡለት ሕሙማን መካከል በቫይል በሽታ፣ ማለትም በከባዱ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተያዙ እንደነበሩ ኋላ ላይ ተገመተ። የቢጫ ወባ መንሥኤ ቫይረስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928 በሽታውን ሊያጠና በሄደበት በዛሬዋ የጋና ከተማ በአክራ ቢጫ ወባ ገደለው። ሁለቱም በሽታዎች ዓይን ቢጫ ያደርጋሉ፤ ኖጉቺን ያሳሳተው በማይክሮስኮፑ ሥር ያየው ነገር ብቻ ሳይሆን ደሙ ከማን እንደመጣ አስቀድሞ ያመነው ነገር ነው።

ጎረቤቶቻችን የተሻለ መንገድ አሳይተዋል። በሰሜን ታንዛንያ በሞሺ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በትኩሳት ሆስፒታል የተኙ 870 ሰዎች በጥንቃቄ ተመርምረው ነበር። ሐኪሞቹ ወባ ነው ያሏቸው 528 ሲሆኑ ወባ የተገኘባቸው 14 ብቻ ነበሩ። በ118 ሰዎች ላይ ከእንስሳት የሚተላለፉ የባክቴሪያ በሽታዎች ተገኙ፤ ከእነዚህ ውስጥ 40ው ሌፕቶስፓይሮሲስ ነበር። ይህ ሊታወቅ የቻለው በአንድ ቀን ጠብታ አይደለም፤ ሕሙማኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ እየተደረገ ሁለተኛ ናሙና ስለተቀዳ ነው። በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. በ2022 በሊንዲ ክልል ሃያ ሰዎች በትኩሳትና በነስር ታመው ሦስቱ ሲሞቱ፣ የኢቦላና የማርበርግ ምርመራቸው ነጻ ከሆነ በኋላ ላቦራቶሪው ፍለጋውን ባለማቆሙ ሌፕቶስፓይሮሲስ መሆኑ ታወቀ። ወደ እኛም ስንመጣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የመነሻ ጥናት በወንጂ ሆስፒታል ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 59 ሰዎች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የበሽታውን ምልክት በደም ምርመራ አግኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ወንጂም እ.ኤ.አ. በ1954 የስኳር ፋብሪካ የተተከለበት፣ በመስኖ ውሃ የሚኖር አካባቢ በመሆኑ ለአገሪቱ ሁሉ መለኪያ አይሆንም። ቢሆንም በሽታው የለም ማለት እንደማይቻል ያሳያል።

እኔ ምርመራ ይቅር አላልኩም። እያልኩ ያለሁት ምርመራው ከቀኑ ጋር ይታዘዝ፣ ከቀኑ ጋር ይነበብ ነው። ትኩሳቱ ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው ሰው ሲመጣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት በሐምራዊ ክዳን ብልቃጥ ደም ተቀድቶ ባክቴሪያው ራሱ በፒ.ሲ.አር (የባክቴሪያውን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ) ቢፈለግ ይሻላል። የፒ.ሲ.አር መሣሪያ በኮቪድ ጊዜ በየክልሉ ስለተተከለ ዛሬ የጎደለን መሣሪያው ሳይሆን ሪጀንቱና ትእዛዙ ነው። በዚያው መርፌ በቀይ ክዳን ብልቃጥም ሴረም ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከአስር እስከ አስራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ሁለተኛው ሲመጣ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ታካሚው አይመለስም የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ለምን እንደሚመለስ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው የማይመለሰው። ፒ.ሲ.አሩም ቢሆን ዘግይቶ ለመጣ ወይም መድኃኒት ለጀመረ ሰው «የለም» ቢል ማረጋገጫ አይሆንም።

ሐኪሙም ውጤት እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። ዓይኑ የቀላ፣ ባቱ ሲነካ የሚጮህ፣ በጎርፍ ወይም በመስኖ ውሃ ውስጥ የዋለ፣ ቄራ ወይም የፍሳሽ ቦይ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከሆነ ሕክምናው በጥርጣሬ ይጀመራል። ዶክሲሳይክሊንም ሆነ ፔኒሲሊን በአገራችን የሚገኙ መድኃኒቶች ናቸው። (ይህን ያነበበ ሰው ግን ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ እንዳይውጥ አደራ እላለሁ፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የማይሰጥ አለበት።) በሦስተኛው ቀን የተገኘ ነጋቲቭ ወረቀት የተጀመረ ሕክምናን ማስቆም እንደሌለበት ግን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ።

የላቦራቶሪ ባልደረቦቼንም አንድ ነገር እለምናለሁ። «ነጋቲቭ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። «ሕመሙ በጀመረ በሦስተኛው ቀን በተቀዳ ናሙና አንቲቦዲ አልተገኘም፤ ከአስር ቀን በኋላ ይደገም» ብላችሁ ጻፉ። ፖዘቲቭ ሲሆንም «የተጠረጠረ፤ በሁለተኛ ናሙና የሚረጋገጥ» ይባል። ሁለት መስመር ቀለም ነው የሚጨምረው። አዲስ ኪት ወደ ክፍላችሁ ሲገባም ካርቶኑን ከማመናችሁ በፊት ግርሻ፣ ወባና ቂጥኝ ካለባቸው ሰዎች የተቀመጠ ሴረም አውጥታችሁ ፈትኑት፤ የጤነኛ የአካባቢያችሁን ሰው ደምም ጨምሩበት።

እኔ ከዚያ ልጅ ወዲህ የመጠየቂያ ወረቀት ሲደርሰኝ ቀን ካልተጻፈበት ከክፍሌ ወጥቼ ታካሚውን ራሱን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ከገበያ በተመለስኩ ማግስት ነው» ይለኛል፣ አንዳንዷ «ከሚካኤል ወዲህ» ትለኛለች፤ እኔም ቆጥሬ በወረቀቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከመጡልኝ አስራ አንድ የትኩሳት ወረቀቶች ቀን የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ያቺ ዓረፍተ ነገር እንድትታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። በምትኩ እንዲህ ብትሉ ከእውነቱ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል፦ «ፈጣኑ የደም ምርመራ ሕመሙ ከጀመረ ሳምንት ካለፈ በኋላ ጥርጣሬን ሊያጠናክር ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጻ ቢልም በሽታው የለም ማለት ስላልሆነ፣ ለሐኪምዎ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ይንገሩ፣ ሁለተኛ ናሙና ለመስጠትም በተቀጠሩበት ቀን ይመለሱ።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
ከአዳማ